ግሉተን የሌለው ምግብ በአነስተኛ ዋጋ፦ ከፃግብጂ የእህል ገበያ እስከ ወፍጮ ቤት

በአውሮፓና በአሜሪካ ትልልቅ መደብሮች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ አንዳንድ ሱፐርማርኬቶች መደርደሪያ ላይ «ግሉተን የሌለው» የሚል ጽሑፍ የታተመባቸው ብስኩቶች፣ ፓስታዎችና ዱቄቶች ይታያሉ። ዋጋቸው ከመደበኛው ምርት በእጥፍ፣ አንዳንዴም ከእጥፍ በላይ ነው። እነዚህን ማሸጊያዎች የተመለከተ ሰው ሕመሙም መፍትሔውም የባለጸጎች ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በዚህ ጽሑፍ ግን ጥያቄውን ከሱፐርማርኬቱ አውጥተን ወደ ዋግ ኽምራ እንወስደዋለን። በሰቆጣ አካባቢ፣ በፃግብጂ ወረዳ የሚኖር አንድ ሰው ግሉተን እንዳይበላ በሐኪም ቢታዘዝ፣ ባለው አነስተኛ ገቢ ምን ገዝቶ ይበላል?

መልሱን አስቀድመን በአጭሩ እንግለጽ። ለዚህ ሰው የሚሆነው ምግብ የታሸገ ሳይሆን በየገበያው በጆንያ የሚሸጠው ማሽላ ነው። ስለሆነም ትልቁ ችግር ምግቡን ማግኘት አይደለም። ችግሩ እህሉ ከስንዴና ከገብስ ጋር ሳይቀላቀል ከገበያ እስከ ገበታ እንዲደርስ ማድረግ፣ እንዲሁም እርዳታ በስንዴ መልክ በሚመጣበት ዘመን ያንን ስንዴ በብልሃት ወደሌላ እህል መለወጥ ነው። ሁለቱንም በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ግሉተን ምንድን ነው?

የስንዴ ዱቄት በውኃ ሲቦካ የሚለጠጥ፣ የሚሳብና አየር አፍኖ የሚይዝ ሊጥ ይሆናል። ይህን ባሕርይ የሚሰጠው ግሊያዲንና ግሉተኒን የተባሉ ሁለት የፕሮቲን ወገኖች ተያይዘው የሚፈጥሩት መረብ ሲሆን፣ መረቡ ግሉተን ይባላል። በገብስ ውስጥ ሆርዲን፣ በራይ ውስጥ ደግሞ ሴካሊን የተባሉ ተመሳሳይ ፕሮቲኖች አሉ። በተለምዶ ሁሉም በአንድነት ግሉተን ተብለው ይጠራሉ።

አብዛኛው ሰው እነዚህን ፕሮቲኖች ያለችግር ይመገባል። ሴልያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ግን የሰውነቱ የመከላከያ ሥርዓት በስሕተት ይቆጣል። ግሉተን በአንጀት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሳይፈጭ ከቀረ በኋላ፣ ትራንስግሉታሚኔዝ የተባለ ኤንዛይም የተወሰነ ለውጥ ያደርግበታል። የተለወጠው ቁራጭ ኤችኤልኤ ዲኪው 2 ወይም ዲኪው 8 የተባለ የዘር ውርስ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይቀሰቅሳል። ከዚህ በሚነሣው ብግነት የተነሣ በቀጭኑ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚገኙት፣ ምግብን የሚመጡት ጣት መሰል ጥቃቅን እድገቶች ቀስ በቀስ ይከስማሉ። ሰውየው እየበላ ይከሳል፤ እየጠገበም ይራባል።

ምልክቶቹ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ ክብደት መቀነስ፣ በብረት ማዕድን እንክብል የማይስተካከል የደም ማነስ፣ የልጆች ዕድገት መጓተት፣ አንዳንዴም የሚያሳክክ የቆዳ ሽፍታ ናቸው። በዓለም ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ሕመሙ ከ100 ሰዎች አንዱን ያህል እንደሚያጠቃ ያመለክታሉ። እስከ ዛሬ ያለው ሕክምና አንድ ብቻ ነው፤ ግሉተንን ለዕድሜ ልክ መተው። አመጋገቡ በጥንቃቄ ከተጠበቀ ምልክቶቹ በሳምንታት ውስጥ መሻል ይጀምራሉ፤ አንጀቱ ግን ሙሉ በሙሉ ለመጠገን ወራት፣ አልፎም ዓመታት ይወስድበታል።

ከረሃብ የተገኘ እውቀት

ስንዴ የሕመሙ ምክንያት መሆኑ የታወቀበት ታሪክ ለዋግ ሰው እንግዳ አይሆንበትም፤ ታሪኩ የረሃብና የእርዳታ ታሪክ ነውና። ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ካሬል ዲክ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕመምተኛ ልጆችን ከስንዴ በማራቅ ውጤቱን ይከታተል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ሆላንድ በጦርነት ምክንያት በከባድ ረሃብ ስትመታ ዳቦ ከገበታ ጠፋ። ሌላው ልጅ ሁሉ ሲዳከም፣ የሴልያክ ሕመም ያለባቸው ልጆች ጤና ተሻሻለ። ዳቦ በእርዳታ መልክ እንደገና ሲገባ ሕመሙ አገረሸባቸው። ዲክ ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1950 በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አጠናቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላም የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጎጂው ክፍል ግሉተን መሆኑን አረጋገጡ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአፍሪካ ነው። ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአልጄሪያ ቲንዱፍ አካባቢ በመጠለያ የሚኖሩት የምዕራብ ሰሃራ ሕዝቦች በእርዳታ የስንዴ ዱቄት ላይ በእጅጉ ጥገኛ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ከሕፃናታቸው 5.6 በመቶ ያህሉ ሴልያክ እንዳለባቸው ታወቀ። ይህ በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ከፍተኛው ነው። የእርዳታ እህል የሰው ሕይወት ያድናል፤ ለጥቂቶች ግን ያው እህል ሕመም ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ዋግ ኽምራ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ክፉኛ ከተመቱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህም በርካታ ቤተሰቦች በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ሲደገፉ ቆይተዋል። ከሚታደለው እህል ውስጥ ስንዴ ለረጅም ዓመታት ዋነኛውን ስፍራ ይዞ ኖሯል። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ሰነድም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የሚል ስያሜ ማግኘቱ የአካባቢውን የምግብ ችግር ስፋት ያሳያል። የመቀንጨር ዋና ዋና ምክንያቶች የምግብ እጥረት፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥና ንጹሕ ያልሆነ ውኃ ናቸው። ሆኖም በቂ ምግብና ሕክምና እያገኘ የማያገግም ሕፃን ሲያጋጥም ሴልያክን ማሰብ ተገቢ ነው።

የሚበላውና የማይበላው

በእህል ገበያ ስንዘዋወር የምናያቸውን እህሎች በሦስት ምድብ እንከፍላቸዋለን።

አንደኛው ፈጽሞ የማይበላው ነው፦ ስንዴ በማናቸውም ዓይነቱ፣ አጃን ጨምሮ፤ እንዲሁም ገብስ። ከእነርሱ የሚዘጋጁት ዳቦ፣ ቂንጬ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፓስታ፣ ማካሮኒና ብስኩት እዚሁ ይገባሉ። በሰሜኑ የአገራችን ደጋ ስንዴና ገብስ በአንድ ማሳ ተቀላቅለው የሚዘሩበት ሀንፈጽም እንደዚሁ።

ሁለተኛው በተፈጥሮው ግሉተን የሌለበት ነው፦ ማሽላ፣ ጤፍ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፤ ከጥራጥሬ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ቦሎቄና ማሾ፤ ከቅባት እህል ሰሊጥ፣ ኑግና ተልባ፤ እንዲሁም ድንች፣ ጎመን፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ዋግ የሚታወቅበት ማር። ጤፍን በተመለከተ የላይደን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው ለሴልያክ ሕመምተኞች ጎጂ የሆነው ፕሮቲን እንደሌለባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። የማሽላ ምግብም ለሕመምተኞች እንደሚስማማ የጣሊያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 አሳይተዋል። አንዳንድ ሰው የእንጀራ ዓይን ያለ ግሉተን አይወጣም ብሎ ይጠራጠራል። ይህ ትክክል አይደለም። የእንጀራ ዓይን የሚወጣው በቡኮ ወቅት የሚፈጠረው ጋዝ በምጣዱ ሙቀት ሲያመልጥና ስታርቹ በቅጽበት ሲጠነክር ነው።

ሦስተኛው ምድብ ሳይጠየቅ የማይበላው ነው፦ ለሕፃናትና ለእናቶች የሚዘጋጁ የተመጣጠኑ ዱቄቶች፣ የአጥሚት ዱቄት፣ ተፈጭቶ የሚሸጥ ሽሮና በርበሬ፣ በምግብ ቤት የሚቀርብ እንጀራ። ከተመጣጠኑ ዱቄቶች አንዳንዶቹ ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ብቻ ሲሠሩ፣ ሌሎቹ ስንዴ አለባቸው፤ ማሸጊያውን ማንበብ ያሻል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም «የጤፍ እንጀራ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የታከለበት መሆኑን ሊያስተውሉ ይገባል።

ዋጋና ጉልበት፦ አንድ ስሌት

ግሉተን የለበትም ተብሎ በመጀመሪያ የሚታሰበው እህል ጤፍ ነው። ይሁን እንጂ ጤፍ በአገራችን ገበያ ከብርዕ እህሎች ሁሉ ውዱ ነው። የአነስተኛ ገቢ ባለቤት በጤፍ ብቻ ልኑር ቢል ምን ይሆናል? በስሌት እንየው። ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የተመረጡ ስለሆኑ፣ አንባቢ የራሱን ገበያ ዋጋ ይተካባቸው።

አንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም የእርዳታ ስንዴ አገኘ እንበል። የስንዴው ዋጋ በኪሎ 60 ብር፣ የማሽላው 50 ብር፣ የጤፉ 120 ብር ቢሆን፣ ስንዴውን ሸጦ 900 ብር ያገኛል። በዚህ ገንዘብ 18 ኪሎ ማሽላ ወይም 7.5 ኪሎ ጤፍ መግዛት ይቻላል። አንድ ኪሎ እህል ወደ 3,300 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል ብንል፣ ማሽላው በቀን 600 ግራም፣ ማለትም 2,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይደርሰዋል። ጤፉ ግን በቀን 250 ግራም፣ ማለትም ከ850 ኪሎ ካሎሪ ያነሰ ይሆናል። የመጀመሪያው ሰው ጠግቦ ያድራል፤ ሁለተኛው ይራባል። ስለዚህ የመሠረቱ ምግብ ማሽላ፣ በደጋማው አካባቢ ደግሞ ከቆላ የሚመጣ ማሽላና በቆሎ ቢሆን ይመረጣል። ጤፍ ለማጣፈጫና ለእንጀራው ልስላሴ በጥቂቱ ይጨመራል። ከጤፍ ውስጥም ቀይና ሰርገኛው ከነጩ ይረክሳሉ። ሰርገኛ ማለት የነጭና የቀይ ጤፍ ድብልቅ እንጂ ከሌላ እህል ጋር መደባለቅ ባለመሆኑ ስሙ ሊያሰጋን አይገባም።

ይህ ስሌት ሦስት ተጨማሪ ምክሮችን ይሰጠናል። አንደኛ፣ እርዳታ በሚታደልበት ቀን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ስንዴውን ስለሚያወጣ የስንዴ ዋጋ ይወርዳል። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ማቆየት የቻለ ሰው የተሻለ ልውውጥ ያገኛል። ከዚያም የተሻለው፣ በቤተሰቡ ወይም በጎረቤት ውስጥ ስንዴ የሚበላ ሰው ካለ እህል ለእህል መለዋወጥ ነው፤ ነጋዴው የሚያገኘው ትርፍ በቤት ይቀራል። ሁለተኛ፣ ማሽላ የሚረክሰው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የሚወደደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የስድስት ወር ቀለብ በጥር መግዛት የቻለ በክረምት አይጨነቅም። ለዚህም እህሉን በፀሐይ በሚገባ ማድረቅና አየር በማያስገባ ድርብ ከረጢት ማስቀመጥ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። እርጥብ ሆኖ የተከማቸ እህል ሻጋታና አፍላቶክሲን ስለሚያበቅል አደገኛ ነው። ሦስተኛ፣ ማሽላ ብቻውን የተሟላ ምግብ አይደለም። ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ በላይሲን የበለጸገ ነው። ሦስት ወይም አራት እጅ እህል ለአንድ እጅ ጥራጥሬ ተመጣጥኖ ቢበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ወጥ፣ የድሃ ገበታ ቢመስልም፣ በሥነ ምግብ ሚዛን የተከበረ ምግብ ነው።

ሦስት የስንዴ ፍሬዎች

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል እ.ኤ.አ. በ2008 ባሻሻለው ደረጃ መሠረት፣ «ግሉተን የሌለው» የሚባለው ምግብ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም የበለጠ ግሉተን ሊኖረው አይገባም። አብዛኛው ሕመምተኛም በቀን እስከ 10 ሚሊ ግራም ቢያጋጥመው አንጀቱ እንደማይጎዳ ይታመናል። እነዚህ ቁጥሮች በእህል ቋንቋ ሲተረጎሙ ምን ይሆናሉ?

አንዲት የስንዴ ፍሬ 35 ሚሊ ግራም ያህል ትመዝናለች። ከዚህ ውስጥ ወደ 3 ሚሊ ግራም የሚጠጋው ግሉተን ነው። ስለዚህ የቀኑ ወሰን የሦስት የስንዴ ፍሬዎች ያህል ነው። በአንድ ኪሎ ማሽላ ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ፍሬዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል ከስድስት ወይም ከሰባት የበለጡ የስንዴ ፍሬዎች ቢገኙ እህሉ ከደረጃው ያልፋል ማለት ነው። በከተማ ሱፐርማርኬት የሚገዛ ሰው በቀን ጥቂት ቁራጭ ዳቦ ይበላ ይሆናል። የእኛ ገበሬ ግን አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያገኘው ከእህል ስለሆነ በቀን ግማሽ ኪሎና ከዚያም በላይ ይመገባል። ስለሆነም የንጽሕናው ጉዳይ ለእኛ ይበልጥ ጥብቅ ነው።

ቁጥሩ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዋግ ቤቶች ያለው የእናቶች ጥበብ እዚህ ላይ ከላቦራቶሪ መሣሪያ ያላነሰ ያገለግላል። የማሽላ ፍሬ ክብ ነው፤ የስንዴና የገብስ ፍሬ ሞላላ ሆኖ መሐሉ ስንጥቅ አለው። በሰፌድ ላይ በትንሽ በትንሹ ተዘርግቶ ሲለቀም በዓይን በቀላሉ ይለያል። ጤፍ ደግሞ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎው ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ፍሬ አለው፣ በወንፊት ሲነፋ ጤፉ ያልፋል፤ ስንዴና ገብሱ ከላይ ይቀራሉ። አንዴ ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን ዓይንም ወንፊትም ሊለየው አይችልም።

ከዚህ በመነሣት የጽሑፋችንን ዋና ሕግ እናወጣለን፦ ዱቄት አይገዛም፤ እህል ይገዛል። ይህ ሕግ ወጪን ይቀንሳል፣ የነጋዴ ድብልቅን ያስቀራል፣ ቁጥጥሩንም ወደ ቤት ይመልሳል። ሽሮና በርበሬም እንደዚሁ በፍሬው ተገዝተው በቤት ቢዘጋጁ ይመረጣል።

ወፍጮ ቤት

በገበያና በሰፌድ የተጠበቀው እህል የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በወፍጮ ቤት ነው። የሞተር ወፍጮ ቀኑን ሙሉ የሁሉንም እህል ይፈጫል፤ በድንጋዮቹ መካከል፣ በማፍሰሻውና በከረጢቱ ውስጥ የቀደመው ሰው ዱቄት ይቀራል። የሚቀረው 100 ግራም የስንዴ ዱቄት ብቻ ነው እንበል። በዚህ ውስጥ ቢያንስ 8 ግራም፣ ማለትም 8,000 ሚሊ ግራም ግሉተን አለ። ተከትሎት 20 ኪሎ ማሽላ ቢፈጭና ቢዳረስ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ 400 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ይህ ከደረጃው ሃያ እጥፍ ነው። እህሉን በፍሬ በፍሬ የለቀመው ሰው ድካም በአንድ ደቂቃ ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

መፍትሔዎቹን ከርካሹ እንጀምር። የመጀመሪያው ብዙ ሰው ወደ ጎን የተወው የቤት ድንጋይ ወፍጮ ነው። ለሕመምተኛው ብቻ የሚያገለግል፣ ስንዴ ፈጽሞ ያልነካው መጅና ወፍጮ ቢዘጋጅ ለአንድ ሰው የሚሆነውን የቀን ቀለብ መፍጨት ይቻላል። ድካሙ ቀላል ባይሆንም፣ እስከ ዛሬ ከሚታወቁት ዘዴዎች አስተማማኙ ነው። ሸክሙም በሴቶች ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ቤተሰቡ ሊከፋፈለው ይገባል። ሁለተኛው፣ ከወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋግሮ ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ፣ ከስንዴና ከገብስ በፊት በማለዳ ማስፈጨት ነው። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚወጣው ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ዱቄት ለብቻው ተይዞ ለሌላው ቤተሰብ ይሰጣል። ወፍጮውን ያጥባል፣ አይባክንም። ሦስተኛው፣ አንድ ወፍጮ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ማሽላና ጤፍ ብቻ እንዲፈጭ በማኅበር መስማማት ነው። ይህ ማንንም ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚጠይቀው የቀን ምደባ ብቻ ነው።

ማዕድ ቤትና ማኅበራዊ ኑሮ

በቤት ውስጥ ልብ ልንላቸው የሚገቡ ነገሮች ጥቂት ናቸው። እርሾ ከጎረቤት አይወሰድም፤ ጎረቤቷ ሊጧን ገብስ ቀላቅላበት ሊሆን ይችላልና። ከራስ ንጹሕ ሊጥ የቀረው እርሾ ይቀመጣል፤ አብሲቱም ከዚያው ዱቄት ይጣላል። ቡሃቃው፣ ወንፊቱና የምጣድ ማሰሻው ለብቻ ቢሆኑ መልካም ነው፤ ዋጋቸውም ከባድ አይደለም። ወንፊት በተለይ በመታጠብ ስለማይጠራ አንዱን ለሁለት አገልግሎት ማዋል አይመከርም። ምጣዱ አንድ ከሆነ ከዳቦው በፊት የሕመምተኛው እንጀራ ይጋገራል። እህሉ የሚቀመጥበት ጎታ ቀደም ሲል ስንዴ የነበረበት ከሆነ በስንጥቆቹ የቀሩ ፍሬዎች እንዳይኖሩ ተጠርጎ እንደገና ይለቀለቃል።

ከማዕድ ቤት ይልቅ የሚከብደው ማኅበራዊ ኑሮው ነው። በማኅበር፣ በዝክርና በተዝካር ዳቦና ጠላ ይቀርባል። የጠላ ብቅል አብዛኛውን ጊዜ ከገብስ ስለሚዘጋጅ ጠላው ለሕመምተኛው አይሆንም። ብቅሉ ከዳጉሳ ወይም ከማሽላ ብቻ ከተሠራና ሌላ ገብስ ካልገባበት ግን ይሆናል። ከማርና ከጌሾ የሚጣለው ጠጅ እህል የለበትም። ዳቦ በቆረሰ እጅ የሚሰጥ ጉርሻም ለእርሱ ጉርሻ አይደለም። አልበላም ማለት በአገራችን ንቀት ሊመስል ስለሚችል፣ ሕመሙን ለዘመድና ለጎረቤት አስቀድሞ ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው። ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀው ኅብስት ከስንዴ በመሆኑ፣ በዚህ ጉዳይ ምእመኑ ሁኔታውን ለንስሐ አባቱ ገልጦ ቢመካከር ይሻላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

የመጀመሪያው ስለ ጓያ ነው። ጓያ ግሉተን የለበትም፤ ርካሽ ነው፤ ድርቅም ይቋቋማል። ስለዚህ ለተነጋገርንበት ሰው ተስማሚ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ጓያ ነርቭን የሚጎዳ አሚኖ አሲድ ስላለበት ለወራት ዋነኛ ምግብ ሲሆን እግርን በማይመለስ ሁኔታ ያሽመደምዳል። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በወሎ ደላንታ የተከሰተውና ብዙዎችን ለአካል ጉዳት የዳረገው ወረርሽኝ የዚህ ምስክር ነው። «ግሉተን የለበትም» ማለት «ጉዳት የለበትም» ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ስለ ምርመራ ነው። የሆድ መነፋትና ተቅማጥ ያለበት ሰው ሁሉ ሴልያክ የለበትም። ጃርዲያና ሌሎች የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን፣ ወተት አለመስማማት፣ የአንጀት ሳንባ ነቀርሳም ተመሳሳይ ምልክት አላቸው። ምግብ በሚያጥርበት ቤት ያለምክንያት ስንዴን መከልከል ራሱ ጉዳት ነው። ሴልያክ የሚረጋገጠው በደም ውስጥ የሚገኙ ጸረ እንግዳ አካላትን በመለካትና ከቀጭን አንጀት በሚወሰድ ናሙና ነው። እነዚህ ምርመራዎች በአብዛኛው በከተማ ትልልቅ የሕክምና ተቋማት የሚገኙ ስለሆኑ፣ ታማሚው ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ተቋም መላክ ይኖርበታል። ከሁሉም በላይ፣ ምርመራው እስኪያልቅ ስንዴን መተው አይገባም። ከተተወ የደሙ ምልክት ይጠፋል፤ አንጀቱም ይሽራል፤ ውጤቱም «የለም» ተብሎ ሰውየው ሊሳሳት ይችላል።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል፣ በፃግብጂም ሆነ በሌሎች የዋግ ወረዳዎች ግሉተን የማይስማማው ሰው ውድ የታሸገ ምግብ አያስፈልገውም። በሐኪም ይረጋገጥ፤ በጥር ማሽላ ይግዛ፤ ዱቄት ሳይሆን እህል ይግዛ፤ በሰፌድ ይልቀም፤ በንጹሕ ወፍጮ ይፍጭ፤ ከጥራጥሬ ጋር አመጣጥኖ ይብላ። ይህ ሁሉ በቤተሰብ አቅም የሚሠራ ነው።

ከቤተሰብ አቅም በላይ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የእርዳታው እህል ዓይነት ነው። ድርቅ ማሽላውን ባጠፋበት ዓመት ገበያው ራሱ ባዶ ስለሚሆን፣ ስንዴውን ሸጦ ማሽላ መግዛት የሚለው ምክር አይሠራም። በዋግ ኽምራ በ2016 ዓ.ም. በሰሃላ ሰየምት፣ በዝቋላና በአበርገሌ የደረሰው ድርቅ እንዲህ ያለው ዓመት በተደጋጋሚ እንደሚመጣ አስታውሶናል። ስለዚህ በዕደላ ዝርዝር ላይ በሐኪም ማስረጃ ሴልያክ የተረጋገጠበት ሰው ስንዴ በማሽላ ወይም በበቆሎ እንዲለወጥለት የሚፈቅድ አንድ መስመር ቢጨመር፣ ወጪው ከቁጥር የማይገባ፣ ጥቅሙ ግን የአንድ ሰው ሕይወት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የቀበሌ የምግብ ዋስትና ኮሚቴዎች ይህን ሐሳብ ለመጀመር ከማንም በላይ ቅርብ ናቸው።